«አይጠጣም፣ ታዲያ ጉበቱን ምን ነካው?» ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ሲሮሲስ (ጉበት በሙሉ በጠባሳ መደደር) ሳይኖር ወደ ጉበት ደም በሚያስገባው ፖርታል ደም ሥር ውስጥ ግፊት ስለሚጨምርበት ብርቅ ሕመም ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ወንድሜ ደም አስታወከ። ጣፊያው አብጧል፤ የጉበት ምርመራው ግን ደህና ነው አሉን። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማረው። ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን ከአንጀትና ከጣፊያ ሰብስቦ የሚያስገባው ፖርታል ደም ሥር ነው። በዚህ ሕመም የጉበቱ ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ ሥራቸውን አያቋርጡም፤ ጠባብ የሚሆኑት ጉበት ውስጥ ያሉት የፖርታሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ናቸው። መንገድ ያጣው ደም ወደ ኋላ ይገፋል፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ሕዋስ) ይወርዳል፣ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮች ይወጠራሉ። ደሙ የመጣው ከእነሱ ሳይሆን አይቀርም። ደህና የተባለው የጉበት የደም ምርመራ ግፊቱን አይለካም።

ጥያቄ፦ አይጠጣም። ጎረቤቱ ግን «ደብቆ ይጠጣል» ይላል።

መልስ፦ ይሄ ያናድደኛል፤ እኛ ሐኪሞችም እንሳሳታለን። ብዙ ጊዜ መነሻው አይታወቅም። አንዳንዴ የደም መርጋት ዝንባሌ፣ ኤችአይቪ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያዳክመው መድኃኒት አዛታዮፕሪን ወይም ድሮ ለኤችአይቪ ይሰጥ የነበረው ዲዳኖሲን ይገኝበታል።

ጥያቄ፦ ያደግነው ጣና ዳር ነው። ቢልሃርዚያ ይሆን?

መልስ፦ ይህንን መጀመሪያ ብትነግረኝ ኖሮ! እኛ አገር ከብርቁ በፊት የሚጠረጠረው እሱ ነው። የትሉ እንቁላል በፖርታሉ ቅርንጫፎች ተቀርቅሮ ዙሪያውን ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳውም በአልትራሳውንድ ይታያል። ፕራዚኳንቴል (በኪሎ 40 ሚሊ ግራም) ትሉን ይገድላል፤ የቆየ ጠባሳ ግን በአንዴ አይለቅም። ስለዚህ ኢንዶስኮፒው (በካሜራ ቱቦ የምግብ ቧንቧን ማየት) አይቀርለትም፤ ያበጡት ሥሮች በትንንሽ ላስቲክ ይታሰራሉ፣ ግፊቱን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል፣ ይጨመራል። ቢልሃርዚያም ካልሆነ፣ ዋናው ፖርታልም በረጋ ደም ካልተዘጋ፣ ብርቁን ሕመም ለመለየት ከጉበቱ ናሙና መውሰድ ግድ ነው።

ሌላ ጠያቂ፦ እኔም ይህ ሕመም አለብኝ። ለወገቤ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መድማትን ሊያባብስ ስለሚችል ዛሬውኑ አቁሚና ሐኪምሽን ሌላ ማስታገሻ ጠይቂ። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።

ሌላ ጠያቂ፦ የጉበት ንቅለ ተከላ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለጥቂቶች ብቻ።

ሌላ ጠያቂ፦ ጣፊያዬ ትልቅ ነው። ኳስ ልጫወት?

መልስ፦ አይሆንም፤ ያበጠ ጣፊያ በአንድ ምት ሊቀደድ ይችላል። በእግር መሄድ ግን ማን ከለከለህ?