ሌሊት ሬዲዮ ለምን ሩቅ ይሰማል? ከጎጃም የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

አማተሮች በሚጠቀሙባቸው በ160 እና በ80 ሜትር ባንድ (በሞገዱ ርዝመት የተሰየመ የፍሪኩዌንሲ ክልል) ሌሊት ስለሚሰማው የሩቅ ድምፅ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከሞጣ እስከ ዳንግላ ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሱ።

ጋሼ፣ የአባቴ ራዲዮን በመካከለኛ ሞገድ ቀን አንድም የሩቅ ጣቢያ አይዝም። ማታ ግን ከሱዳን ከሳውዲ ዓረብኛ ይደራረብበታል። ምን ሆኖ ነው? (ከሞጣ)

ፀሐይ ናት ልጄ። ቀን ቀን ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ዲ የሚባል፣ በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ያዘለ የአየር ንብርብር ይፈጠራል። እሱ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለውን ሞገድ ውጦ ያስቀራል። ሲመሽ ዲ ይከስማል። ያኔ ሞገዱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ካለው ከኤፍ ንብርብር ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። 160 ሜትር፣ ማለትም ከ1.8 እስከ 2 ሜጋ ኸርዝ ያለው፣ የመካከለኛ ሞገድ ጎረቤት ስለሆነ ጠባዩም ያው ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት እንደሆነው ፀሐይ ስትጋረድስ እንደ ማታው ይሆናል? (ከዳንግላ)

በመጠኑ። ጥላው ባለበት ዲ ለአጭር ጊዜ ይሳሳል። ፀሐይ ስትመለስ እሱም ይመለሳል።

አሜሪካን በ160 ሜትር ለመስማት የትኛው ሰዓት ይሻላል? (ከባሕር ዳር)

የንጋትና የምሽት ድንበር። በታኅሣሥ ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል እኛ ጋ ፀሐይ ትጠልቃለች። ያኔ ሎስ አንጀለስ ላይ ገና እየወጣች ነው። በሁለቱም ጫፍ ዲ ደካማ ነው። መንገዱ ግን ወደ ሰሜን ዋልታ ተጠግቶ ስለሚያልፍ፣ መግነጢሳዊ ማዕበል (ፀሐይ የምድርን መግነጢስ ስታናውጥ) ካለ ድካምህ ከንቱ ነው።

እኔ የምወደው ንጋቱን ነው። ዶሮ ሲጮህ ማዳመጫዬን አደርጋለሁ። ከምዕራብ የሚመጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጭርጭርታው ውስጥ ተደብቆ ያደረ ሞርስ (በነጥብና በሰረዝ የሚላክ መልእክት)፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ጥርት ብሎ ከፍ ይላል። ደቂቃዎች ናቸው። ጣሪያው ላይ ብርሃን ሲያርፍ እልም ይላል።

ለ160 ሜትር ቋሚ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚቆም አንቴና ትከል ይሉኛል። 40 ሜትር ብረት ከየት ላምጣ? (ከደብረ ማርቆስ)

አታምጣ ወንድሜ! እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያ ምክር ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ልክ ነው። እዚያ የምድር መግነጢስ መስመር ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይገባል። እኛ ያለነው የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ነው። እዚህ መስመሩ ከደቡብ ወደ ሰሜን ጋደም ብሎ ያልፋል። ከቋሚ አንቴና ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሞገድ መስመሩን እያቋረጠ ይወዛወዛል፤ አብዛኛው ጉልበቱም እዚያው ሰማይ ላይ ተውጦ ይቀራል። ሽቦህን ከሰሜን ወደ ደቡብ አጋድመህ ከዘረጋኸው ግን ሞገዱ ከመስመሩ ጋር አብሮ ስለሚወዛወዝ ያን ያህል አይበላም። ወደ ሰሜንና ደቡብ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ቋሚውም አይጎዳህም።

ለ1.83 ሜጋ ኸርዝ የግማሽ ሞገድ ሽቦ 78 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ ላይ አትሰስት፤ ዝቅ ያለ ሽቦ ጉልበቱን ቀጥታ ወደ ሰማይ ይረጨዋል። የእኔ ሽቦ በሁለት ባሕር ዛፎች መሀል ተንጠልጥሏል። ዛፎቹ በነፋስ ሲወዛወዙ እንዳይበጠስ አንዱን ጫፍ በገመድ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፌ ድንጋይ አስሬበታለሁ። ነፋስ ሲመጣ ድንጋዩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሽቦው ግን አይወጠርም።

የራስን ድምፅ ዘግይቶ መስማት አለ ይባላል። እውነት ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

አለ። ሞገድ ዓለምን ለመዞር አንድ ሰባተኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በአጭር ሞገድ የዞረውን ድምፅ መስማት የታወቀ ነው። የሚገርመው ሌላው ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ኦስሎ አጠገብ ዮርገን ሃልስ የሚባል ኢንጂነር ከሆላንዷ ከአይንድሆቨን የተላለፈ ምልክት ከ3 ሰከንድ ገደማ በኋላ እንደገና ሰማ። በ3 ሰከንድ ሞገድ 900 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ጨረቃ ደርሶ ከመመለስ ይበልጣል! እስካሁን ሁሉም የተስማማበት ማብራሪያ የለም። ስለዚህ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሽ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፍሪኩዌንሲውን ጻፊ።

ከሶላሩ ጋር ሬዲዮው ይንጫጫል። (ከብቸና)

የቻርጅ መቆጣጠሪያው ነው። ማታ ንቀለውና በባትሪ ብቻ አዳምጥ።

መቼ ልጀምር? (ከቡሬ)

ለመላክ መጀመሪያ ፈቃድ አውጣ። ማዳመጡን በጥቅምት ጀምር። ክረምት ላይ መብረቁ ባንዱን ይሞላዋል። ነጎድጓድ ሳይጀምር ደግሞ ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅለህ ጫፉን ከቤት አውጣው፤ ከጀመረ ግን አትንካው።