መልስ፦ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጉድጓድ ለመጥረግ ማስክ ይበቃል ወይ?

አይበቃም ወንድሜ። በጨርቅ ማስክ ብቻ ጉድጓድ ግባ ከተባልክ፣ አትግባ። ባለ ካርትሪጁም (የጋዝ ማጣሪያ የተገጠመለት) ማስክ ቢሆን ጋዝ ያጣራ እንደሆነ እንጂ ኦክስጅን አይፈጥርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቆዳው ላይ ፀጉር ለመንቀል የገባው ሶዲየም ሰልፋይድ የሚባል ኬሚካል ከኖራው ጋር እስካለ ድረስ ብዙም ጋዝ አይለቅም። ቆዳው በክሮም ኬሚካል ከሚለፋበት ክፍል የሚመጣው አሲድ ያለበት ፍሳሽ ሲቀላቀልበት ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ደለሉን በአካፋ ስትነካው ደግሞ ታፍኖ የቆየው ቡልቅ ይላል። ክፋቱ፣ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ መቶው) አካባቢ ሲደርስ አፍንጫህ ይደነዝዛል። "ሽታው ጠፋ፣ እንግባ" የሚባለው ያኔ ነው!

ወደ ጉድጓዱ የሚገቡት መስመሮች ይዘጉ፣ ይቆለፉ። በማራገቢያ አየር ይግባበት። ከዚያ የጋዝ መለኪያው በገመድ ታስሮ ከላይ፣ መሃል፣ ታች ይለካ። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ማንም አይግባ። የሚገባው ሰው ቀበቶና ገመድ ይታጠቅ፣ ላይ ሆኖ የሚጠብቀውም ለሻይ እንኳ አይነሳ። ጓደኛህ ቢወድቅ ዘለህ አትግባ፣ በገመዱ ሳበው። በዚህ አደጋ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሟች ሊያድን የገባው ነው።

አለቃህ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያ የማቅረብ ግዴታውን የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ደለሉ ቀጠን ያለ ከሆነ ደግሞ በመምጠጫ ቦቴ ይሳብ በሉ፤ ማንም ሳይገባ ያልቃል።