ከፆም በኋላ አልጨመቅ ያለ ፓምፕ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ልድገመው። በስኳር በሽታ ምክንያት ብልትዎ አልነሳ ስላለ ህንድ ሄደው ለብልት የሚገጠመውን የሚነፋ እቃ አስገጥመዋል። ደህና ሲሠራ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ አልነኩትም። ከፋሲካ በኋላ ሊነፉት ሲሉ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ ያለችው ኳስ ጠጥራ አልጨመቅ አለች። ቢቸና ያለው ወዳጅዎ ወጌሻ ይሽዎት ብሏል። እርስዎ ደግሞ «ተበላሽቶ ይሆን? እንደገና ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው?» ይላሉ።

ከወጌሻው ልጀምር። በጭራሽ እንዳይነካዎት! የወጌሻ እጅ ለወለምታ ይሁን። እዚያ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ በኃይል የታሸ ቱቦ ቢላቀቅ ያኔ ነው ኦፕራሲዮኑ የማይቀረው።

አሁን ወደ እቃው። እኔም እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ይኸው ነገር ገጥሞኛል፤ ስለዚህ ድንጋጤዎ ይገባኛል። ግን ረጅም ጊዜ ሳይነካ የቆየ ፓምፕ መጠጠሩ የተለመደ ነው፤ ተበላሸ ማለት አይደለም።

እቃው ሦስት ክፍል ነው። ብልት ውስጥ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ከሆድ በታች የጨው ውሃ የያዘ ማጠራቀሚያ፣ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ ደግሞ ፓምፑ። ኳሷን ሲጨምቁ ውሃው ከማጠራቀሚያው ወደ ሲሊንደሮቹ ይሄዳል። ከኳሷ ከፍ ብላ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኑ ይመለሳል። መሃል ላይ ውሃው እንደፈለገ እንዳይሄድ የሚይዝ ቫልቭ አለ። ሲነሱ ሲቀመጡ እቃው በራሱ እንዳይነፋ የሚያደርገው እሱ ነው። ታዲያ ይኸው ቫልቭ ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይጣበቃል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ይኸው ነው ነገሩ።

ምን ያድርጉ? መጀመሪያ ሙቅ ውሃ። የኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው፤ በተለይ ከጮቄ በኩል ንፋሱ ሲመጣ ከረጢቱ ይሰበሰብና ፓምፑ ወደ ላይ ሽቅብ ይሸሻል። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ያድርጉና ትንሽ ይቀመጡበት፤ ከረጢቱ ይላላል፣ ፓምፑም ይወርዳል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የስኳር ሕመምተኛ ቆዳው ሊደነዝዝ ስለሚችል ውሃው ቢያቃጥልም ላይሰማዎት ይችላል። በክርንዎ ይሞክሩት፤ አለዚያ ባለቤትዎ ይሞክሩልዎ።

ከዚያ በአንድ እጅ ፓምፑን ከላይ በኩል ያዝ ያድርጉ፣ እንዳያመልጥ። ኳሷን ከመጭመቅዎ በፊት የማስተንፈሻ ቁልፏን ፈልገው ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። ጥቂት ሴኮንድ ይያዙና ይልቀቁ። በዚያው መሃል በሌላው እጅ ብልቱን ቀስ ብለው ቢጨምቁት የቀረ ውሃ ካለ ይመለሳል። አሁን ወደ ኳሷ ይምጡ። ሁለቱን አውራ ጣቶች በአንድ በኩል፣ ሌሎቹን ጣቶች በሌላ በኩል አድርገው በእርጋታ፣ ግን በደንብ ይጭመቁ። ቶሎ ቶሎ መታ መታ ማድረግ ዋጋ የለውም። ጉልበት የምትፈልገው የመጀመሪያዋ ጭመቃ ናት። ቫልቩ ሲላቀቅ ጣትዎ ላይ ጠብ የሚል ነገር ሊሰማዎት ይችላል። ከዚያ ኳሷ ትለሰልሳለች፣ ስትለቋት ተመልሳ ትሞላለች። እኔ ያቺ ጠብ ስትል ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ኳሷ ጠጣር ሳትሆን ገብታ፣ ሰርጉዳ የቀረች ከሆነስ? ያ ሌላ ነው። ያኔ የሰረጎደውን በኩል አይጫኑ። ጎንና ጎኗን ይጭመቋት፤ ውስጥ ያለው ውጥረት ይለቅና ቅርጿ ይመለሳል። በየመሃሉ ቁልፏንም መጫን ይረዳል።

ቆዳው ካመመዎት ግን ያቁሙ። ነገ ይሞክሩ። ጉጠት፣ ፒንሳ ምናምን እንዳያስቡ። መርፌማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የተበሳ ሲሊንደር አይጠገንም።

ሞዴሉን ማወቅም ይጠቅማል። ሲወጡ የተሰጠዎትን ካርድ ይፈልጉ። ኤኤምኤስ 700 ከሆነ አዲሱ ፓምፕ ቁልፉን ከ2 እስከ 4 ሴኮንድ ተጭነው የሚለቁት ነው፤ የድሮው ግን እስኪተነፍስ ድረስ ተይዞ የሚቆይ ነው። ኮሎፕላስት ታይታን ደግሞ የራሱ አያያዝ አለው። አንዱን በሌላው መንገድ እየተጫኑ «አልሠራ አለ» የሚሉ ብዙ ናቸው። በነገራችን ላይ ይሄ ትናንት የመጣ የሙከራ እቃ እንዳይመስልዎት። ብራንትሊ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሂዩስተን ውስጥ በፈረንጆቹ 1973 ነው የጀመረው።

አሁን ደግሞ በእጅ የማይፈቱትን ልንገርዎ። ኳሷ ያለምንም ችግር እየተጨመቀች ብልቱ የማይነሳ ከሆነ፣ ወይም በየጊዜው ከበፊቱ እየላላ ከመጣ፣ ውሃው ፈሷል ማለት ሊሆን ይችላል። የፈሰሰው ንጹህ የጨው ውሃ ስለሆነ ሰውነት ይመጠዋል፣ አይጎዳም። ግን እቃው መቀየር አለበት። ይሄ ሌሊት የሚያስሮጥ አይደለም፤ ቀጠሮ ይዘው፣ ባህር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት ጋ ቢሄዱ በአልትራሳውንድ ማጠራቀሚያው ውሃ እንዳለው ያዩልዎታል። ተነፍቶ አልተነፍስ ካለ ግን ቀን አያሳድሩት። ሕመም ባይኖረውም ሲሊንደሩ ውስጡን እየተጫነ ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ይብሳል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ኢንፌክሽን ነው። ከረጢቱ ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ሕመሙ እየጨመረ ከሄደ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ መግል ካዩ፣ ወይም ፓምፑ ቆዳው ላይ ተጣብቆ ወዲያና ወዲህ አልል ካለ፣ ያን ጊዜ ሳፋም ጭመቃም የለም። በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። ስኳርዎንም ይለኩት፤ ከፍ ብሎ ከሆነ እሱም ፍንጭ ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ሰው የሚረሳው። በማንኛውም ሕመም ሆስፒታል ቢተኙና የሽንት ቱቦ ሊያስገቡልዎ ቢሉ፣ እቃው እንዳለዎት አስቀድመው ይናገሩ። ቱቦው ከመግባቱ በፊት እቃው መተንፈስ አለበት። አፍሬ ዝም አልኩ የሚባልበት ቦታ አይደለም። ባለቤትዎንም ቁልፏ የት እንዳለች ያሳዩዋቸው፤ ራስዎን ስተው ቢገኙ የሚናገርልዎ እሳቸው ናቸው።

ወደ ፆሙ ልመለስ፣ ምክንያቱም የርስዎ ጉዳይ ሥሩ እዚያ ነው። እኛ ጎጃም ውስጥ ሁዳዴን አጥብቀን እንፆማለን፤ ፍልሰታም አለ፣ የገናውም አለ። አልጋ መለየት ሌላ፣ እቃውን ማንቀሳቀስ ሌላ። የኔ ሐኪም ያዘዘኝ በሳምንት አንድ ሁለቴ ነፍቶ ማስተንፈስ ነው፤ ፆም ይሁን ፍስክ አልለየም። ብቻዎን ሆነው፣ ገላዎን ሲታጠቡ ይነፉታል፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ያስተነፍሱታል፣ አለቀ። ቅር የሚልዎት ከሆነ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። የተገጠመ የሕክምና እቃ እንዳይጣበቅ ማድረግ መሆኑን በግልጽ ይንገሯቸው እንጂ ጉዳዩን በአሽሙር አያድርጉት፤ በአሽሙር የተጠየቀ ነገር መልሱም አሽሙር ነው።

ለጊዜው ሳፋውንና ቁልፏን ይሞክሩ። ካልሆነ የገጠመልዎትን ሐኪም በስልክ ያግኙት፤ አንዳንዶቹ በቪዲዮ እያዩ እጅዎን ይመሩታል፣ ለኔም እንደዚያ ነው የተደረገው። ካርዱን ካገኙት ስምዎንና መለያ ቁጥሩን ሸፍነው የሞዴሉን ስም ብቻ እዚህ ይጻፉልን፤ ያው እቃ ያለው ሰው ቁልፉ በየት በኩል እንደሆነ ይነግርዎታል።