መልስ፦ ለጥቅልል ጸጉር ኬራቲን ልሠራ ወይስ ልተው?

እህቴ፣ ጥቅልል ጸጉርሽን ለወንድምሽ ሠርግ ኬራቲን (በኬሚካልና በፒያስትራ ሙቀት ጸጉርን ማለስለሻ) ልትሠሪው ወይስ ልትተዪው እያመነታሽ ነው። ለአንድ ሠርግ ብቻ ከሆነ ተዪው። ኬራቲን እንደ ፒያስትራ በአንድ እጥበት አይለቅም፤ ሦስት አራት ወር አብሮሽ ይከርማል። ከሥር የሚበቅለው ግን ያው ጥቅልሉ ነውና እስከዚያው ሁለት ዓይነት ጸጉር ይዘሽ ትዞሪያለሽ። እኔ አንድ ጊዜ ተሠርቼ፣ ጫፉ አልጠቀለል ብሎኝ በመጨረሻ በመቀስ ተገላገልኩት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሲሠራ የሚወጣው ጭስ ነው። በብዙዎቹ ምርቶች ውስጥ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። «ከፎርማልዴሃይድ ነፃ» የሚለውንም ጽሑፍ አትመኚው፤ ሜቲሊን ግላይኮል የሚባል ውህድ ካለበት፣ ከ200 ዲግሪ በላይ የጋለ ፒያስትራ ሲያርፍበት ያንኑ ፎርማልዴሃይድ በጋዝ መልክ ይለቃል። በምትኩ የመጣውን ግላይኦክሲሊክ አሲድ ደግሞ የእስራኤል ሐኪሞች ከኩላሊት ጉዳት ጋር አያይዘውታል።

አይ፣ ቆርጫለሁ ካልሽ ጠርሙሱን አስቀርበሽ አንብቢ፤ መስኮቱም ይከፈት። አስም ካለብሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ግን ፈጽሞ አትሞክሪው። ለሠርጉማ አልባሶ ብትሠሪ ማን ይበልጥሻል?