ክሬዲታችሁን ለማስተካከል ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ለብዙ ዓመታት በሂሳብና በታክስ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። የታክስ ወቅት ሲደርስ ወረቀታቸውን ይዘው ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የመጡበት ጉዳይ ካለቀ በኋላም ከወንበራቸው አይነሡም። «ክሬዲቴ ተበላሽቷል፤ የሚያስተካክል ድርጅት አግኝቻለሁ፤ ልክፈለው ወይስ ራሴ ልሞክር?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በአፍ ስመልስ የኖርሁትን ዛሬ በጽሑፍ ላስፍረው ብዬ ነው።

ማን ያስተካክለው ከማለታችሁ በፊት የተበላሸው ምን እንደሆነ እወቁ። የብድር ታሪካችሁ በሚመዘገብበት የክሬዲት ሪፖርታችሁ ላይ የሰፈረው ነገር ስሕተት ነው ወይስ እውነት? ስሕተት ከሆነ ሕጉ ለእናንተ በቀጥታ መብት ሰጥቷችኋል፣ ክፍያም የለውም። እውነት ከሆነ ግን የቱንም ያህል ብትከፍሉ በሕጋዊ መንገድ ሊያስወግደው የሚችል ድርጅት የለም። ይህን ሳይለዩ ውል የሚፈርሙ ሰዎች የሚከፍሉት፣ በነጻ ሊያደርጉት ለሚችሉት ወይም ማንም ሊያደርገው ለማይችለው ነገር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሪፖርቱን አውጡ። የብድር ታሪካችሁን የሚመዘግቡት ሦስት ዋና ኩባንያዎች ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን ናቸው። የሦስቱንም ሪፖርት አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በተባለው ድረ ገጽ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። ሦስቱንም አውጡ፤ አንዱ ዘንድ ያለው ዕዳ ሌላው ዘንድ ላይኖር ይችላልና። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የሚያሳያችሁ ስኮር የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ለምን ዝቅ እንዳለ የሚነግራችሁ ግን ሪፖርቱ ነው።

ሪፖርቱን ስታነብቡ ወደ ዕዳዎቹ ከመሄዳችሁ በፊት ከላይ ያለውን የግል መረጃ ክፍል በጥንቃቄ ተመልከቱ። ይህን አጥብቄ የምናገረው በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙው ጣጣ የሚጀምረው ከዚያ በመሆኑ ነው። የአባት ስም እዚህ አገር የቤተሰብ ስም ሆኖ ስለሚመዘገብ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ሁሉ አንድ መጨረሻ ስም ይይዛሉ፤ ስማቸው በአንድ ፊደል ከጀመረና በአንድ አፓርታማ ከኖሩ መዝገባቸው ሊደባለቅ ይችላል። በዚያ ላይ አንዱ ስም በፓስፖርት፣ በመንጃ ፈቃድና በባንክ ደብተር ላይ በተለያየ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይሰፍራል። በስደተኛ ካምፕ በኩል የመጡ አንዳንዶች ደግሞ ትክክለኛው የልደት ቀናቸው ስላልታወቀ ጃንዋሪ 1 ቀን ተወለዱ ተብለው ስለተመዘገቡ፣ የልደት ቀናቸው እንኳ ከሌላው ሰው ለመለየት ብዙም አይረዳም።

አንዲት የነርስነት ተማሪ ያመጣችልኝ ሪፖርት አሁንም ትዝ ይለኛል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተደርድሯል፤ ከሥሩ ካሉት አድራሻዎች አንዱ እሷ ኖራበት የማታውቀው የታላቅ እኅቷ ቤት ነበር። ዝቅ ብሎ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ከ1,000 ዶላር በላይ የሆነ የሆስፒታል ሂሳብ አለ፤ እሱም የእኅቷ ነው። ልጅቷ በወር 99 ዶላር ለሚያስከፍል ድርጅት ውል ልትፈርም ቀጠሮ ይዛ ነበር። እኔ ዘንድ ተቀምጣ አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፈች፤ ከመታወቂያዋና ከመብራት ሂሳቧ ቅጂ ጋር ላከችው፣ ዕዳውም ተነሣላት። ይህን የመሰለ ስሕተት የሚደርሰው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከአምስት ሸማቾች አንዱ ከሦስቱ ሪፖርቶቹ ቢያንስ በአንዱ ላይ ስሕተት ተገኝቶበታል።

የተጠቀመችበት መብት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ከወጣው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ነው። ስሕተት ነው ብላችሁ ቅሬታ ስታቀርቡ፣ በእኛ ሰው አነጋገር ዲስፒዩት ስታደርጉ፣ የክሬዲት ኩባንያው በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት፤ በአንዳንድ ሁኔታ እስከ 45 ቀን ይፈቀድለታል። መረጃውን የሰጠው ባንክ ወይም ዕዳ ሰብሳቢ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ካልቻለ መረጃው መሰረዝ ወይም መታረም አለበት። ደብዳቤው የሕግ ቋንቋ አያስፈልገውም። የትኛው ሂሳብ እንደሆነ፣ ስሕተቱ ምን እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ግልጽ በሆነ አማርኛ እንደምትናገሩት ሁሉ ግልጽ በሆነ እንግሊዝኛ ጻፉ፤ ስሕተቱን በሪፖርቱ ቅጂ ላይ አክብቡበት፤ ማስረጃችሁን አያይዙ፣ ዋናውን ግን እናንተ ዘንድ አስቀሩ። ለክሬዲት ኩባንያው ብቻ ሳይሆን መረጃውን ለሰጠው ባንክም ላኩ። በኢንተርኔት ማቅረብ ይቻላል፤ እኔ ግን ከባድ ለሆነ ጉዳይ የመድረሻ ፊርማ ያለበትን ሰርቲፋይድ ደብዳቤ እመርጣለሁ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ያ ፊርማ ያለበት ወረቀት ትልቅ ዋጋ አለውና።

እንግዲህ «ክሬዲትዎን እናጸዳለን» የሚሉት ድርጅቶች በአብዛኛው የሚሠሩት ይህንኑ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ልዩነቱ ብዙዎቹ እውነቱንም ሐሰቱንም ሳይለዩ በሪፖርቱ ላይ ያለውን መጥፎ ነገር ሁሉ በአንድ ዓይነት ደብዳቤ መቃወማቸው ነው። አንዳንዴ ባንኩ በጊዜው ሳይመልስ ቀርቶ እውነተኛው ዕዳ ለጊዜው ይነሣል፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ለጓደኞቹ ያወራል። ባንኩ በኋላ ትክክለኛነቱን ሲያረጋግጥ ግን ዕዳው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ደብዳቤው መሠረት የሌለው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የክሬዲት ኩባንያው ሳይመረምር ሊተወው ሕጉ ይፈቅድለታል።

እነዚህን ድርጅቶች የሚገዛ የራሱ የፌዴራል ሕግ አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። እንደ ሕጉ፣ ድርጅቱ ቃል የገባውን አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ሳይፈጽም ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ ጠቅላላ ክፍያው፣ የሚሠራው ሥራና የሚወስደው ጊዜ በጽሑፍ ውል ላይ መስፈር አለበት። በስልክ ለሚሸጡት ደንቡ ከዚህም የጠበቀ ነው፤ ውጤቱ ከተገኘ ከስድስት ወር በኋላ በወጣ ሪፖርት ካላሳዩ በቀር ማስከፈል ክልክል ነው። በዚህ ጉዳይ ትላልቆቹም አልዳኑም። የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ሌክሲንግተን ሎው እና ክሬዲት ሪፔር ዶት ኮም በሚሉ ስሞች ይሠሩ በነበሩት ኩባንያዎች ላይ የመሠረተው ክስ እ.ኤ.አ. በ2023 በ2.7 ቢሊዮን ዶላር የፍርድ ውሳኔ ተቋጭቷል፤ ምክንያቱም በስልክ ላገኟቸው ደንበኞች ከጊዜው በፊት ማስከፈላቸው ነበር። ስለዚህ ገና ሪፖርታችሁን ሳያይ «መመዝገቢያ ክፈሉ» የሚላችሁን ሰው፣ በአማርኛ ቢያናግራችሁም፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የምታውቁት ቢሆንም፣ ይህን ሕግ ጠቅሳችሁ ጠይቁት። እኛ ሰው ማሳፈር ስለማንወድ ውል ሳናነብ እንፈርማለን፤ ይህን የይሉኝታ ልማድ ገንዘብ ባለበት ቦታ ብትተዉት ቅር የሚለው ሰው ይኑር እንጂ እናንተን የሚጎዳ ነገር የለውም።

ከሁሉም የከፋው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፈንታ ሌላ ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ሰጥተው «በዚህ አዲስ ክሬዲት ትጀምራለህ» የሚሉት ናቸው። ሕጋዊ ስም ያወጡለታል፤ ሕጋዊ ግን አይደለም። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የሕፃን፣ የእስረኛ ወይም የሞተ ሰው ነው። በዚያ ቁጥር የብድር ማመልከቻ የሞላ ሰው የፌዴራል የወንጀል ክስ ሊከተለው ይችላል፤ ዜግነት ያልወሰደ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል። እንዲህ ያለውን ሰው ምክንያት እንኳ ሳትጠይቁ ትታችሁ ውጡ።

ዕዳው እውነት ሲሆንስ? በብዛት የሚሠራበት የፋይኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ሲሆን ከውስጡ 35 በመቶው በጊዜ መክፈላችሁን፣ 30 በመቶው ምን ያህል ዕዳ እንዳለባችሁ ይመለከታል። ሁለቱ ብቻ ከግማሽ በላይ ናቸው፤ ሁለቱም በእጃችሁ ናቸው። ጊዜው ያለፈ ክፍያ በአብዛኛው ሪፖርት ላይ የሚወጣው 30 ቀን ሲያልፈው ስለሆነ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ያመለጣችሁ ካለ ቅጣቱን ከፍላችሁ እንደ ምንም ልታልፉት ትችላላችሁ። የካርዱ ነገር ግን ብዙዎች የማያውቁት ምሥጢር አለው። ለምሳሌ ገደቡ 1,000 ዶላር የሆነ ካርድ አላችሁ እንበል፤ ለፋሲካ ወይም ለዒድ አገር ቤት ገንዘብ ስትልኩ፣ ልብስና ስጦታ ስትገዙ 900 ደረሰ። የመክፈያው ቀን ሲደርስ ሙሉውን ትከፍላላችሁ፤ ሆኖም ባንኩ ለክሬዲት ኩባንያዎች የሚያስተላልፈው በአብዛኛው የወሩ ሂሳብ በሚዘጋበት ቀን የነበረውን ነው፤ እሱም ከመክፈያው ቀን ሦስት ሳምንት ያህል ይቀድማል። ሪፖርቱ ላይ 90 በመቶ የተበደረ ሰው ሆናችሁ ትታያላችሁ ማለት ነው። ሂሳቡ ከመዘጋቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ብትከፍሉ በሚቀጥለው ወር ስኮራችሁ ከፍ ሲል ታያላችሁ፤ ለዚህ ማንም ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ አያስፈልግም።

የቀረውን ጊዜ ይፈታዋል። ጊዜያቸው ያለፉ ክፍያዎችና ለሰብሳቢ የተላለፉ ዕዳዎች በአብዛኛው ከሰባት ዓመት በኋላ ከሪፖርቱ ይወጣሉ፤ ምዕራፍ 7 የሚባለው የኪሳራ ምዝገባ እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ሰባቱ ዓመት የሚቆጠረው መጀመሪያ መክፈል ካቆማችሁበት ጊዜ ነው፤ ዕዳው ለሌላ ሰብሳቢ ስለተሸጠ እንደ አዲስ አይጀምርም፤ ቀኑን ወደፊት ገፍተው ካገኛችሁት ያ ራሱ የምትቃወሙት ስሕተት ነው። ከ500 ዶላር በታች የሆነውንም ሆነ የተከፈለውን የሕክምና ዕዳ ሦስቱ ኩባንያዎች ከሪፖርት ላይ ስላወጡት፣ አሁንም እናንተ ዘንድ ከታየ ጠይቁ። ስለ ዕቁብ የምትጠይቁኝም አላችሁ፤ ዕቁብ በጎ ልማድ ነው፣ ለቤት ቅድመ ክፍያ ማጠራቀሚያም ይሆናል፣ ግን ለክሬዲት ኩባንያ የሚነግር ስለሌለ ስኮር አይሠራም። ለዘመድ መኪና ኮ ሳይን ማድረግ፣ ማለትም ለብድሩ አብሮ ዋስ ሆኖ መፈረም፣ ግን ይነገራል፤ እሱ ያልከፈለው በእናንተ ስም ይጻፋል።

እርዳታ መቅጠር ከቶ ዋጋ የለውም አልልም። ሁለት ሥራ ይዞ፣ ሌሊት ሌሊት የሚነዳ፣ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜና እንግሊዝኛ የሌለው ሰው ሕጉን አክብሮ ከሥራ በኋላ ብቻ የሚያስከፍል ድርጅት ካገኘና ስሕተቱ በርግጥ ስሕተት ከሆነ፣ ምርጫው የራሱ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ወደ ሌላ በር እንዲሄድ እመክረዋለሁ። ዕዳው ከአቅሙ በላይ ከሆነ የብሔራዊ የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን አባል የሆኑ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ በጀቱን አብረውት ያወጣሉ፤ ከባንኮችም ጋር ወለድ እንዲቀንስ ይደራደራሉ። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ከሆነ የፌዴራል የቤቶች ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸው አማካሪዎች አሉ። ስሙ ተሰርቆ ከሆነ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ ላይ ሪፖርት አድርጎ መዝገቡን በሦስቱም ዘንድ በነጻ ማስቆለፍ ይችላል። በትክክል ተቃውሞ ማስረጃ አቅርቦ አሻፈረኝ ያሉት ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ጠበቃ ነው። የተከሰሰው ኩባንያ ከተሸነፈ የጠበቃውን ክፍያ እንዲሸፍን ሕጉ ስለሚያዝ፣ ጥሩ ጉዳይ ይዞ ለመጣ ሰው ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚቆሙ ጠበቆች አሉ። ያ ሰርቲፋይድ ደብዳቤ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ይህን የምታነብቡት ውል ከፈረማችሁ በኋላ ከሆነ ቀኑን ቁጠሩ። ከፈረማችሁበት ቀን በኋላ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ምክንያት ሳትሰጡ፣ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ፤ የመሰረዣው ቅጽ ከውሉ ጋር ተያይዞ ሊሰጣችሁ ይገባ ነበር። ካልተሰጣችሁ መሰረዛችሁን በአንድ መስመር ጽፋችሁ ቀንና ፊርማ አኑሩበትና በፖስታ ላኩ፤ የከፈላችሁበትን ካርድም ለባንካችሁ አሳውቁ። ሦስቱ ቀን አልፎ ከሆነና ሥራ ሳይሠሩ ገንዘብ ወስደው ከሆነ፣ ውሉንና የክፍያ ደረሰኙን ይዛችሁ ለግዛታችሁ ዐቃቤ ሕግ ቢሮና ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አመልክቱ።