የቆመው ስዕል ለሚዞርብሽ እህቴ

«ስልኬ ላይ ያለው ስዕል ቆሞ ሳለ ክቦቹ ይዞሩብኛል። ባለቤቴ አይዞርም ይለኛል። ጅማ ውስጥ ጥሩ መነጽር ቤት ጠቁሙኝ» ብለሻል። መነጽር ቤቱን ለጊዜው ተዪው። እኔን በዚሁ ጉዳይ በልተውኛል።

1. አንዱን ክብ ብቻ ትክ ብለሽ እዪ። እሱ ይቆማል፣ ዳር ዳር ያሉት ይዞራሉ። ዓይንሽን ስታንከራትቺ ወይም ስታርገበግቢ ይብስበታል። እንዲህ ከሆነ ያየሽው «የሚዞሩ እባቦች» የሚባለውን ወይም ዘመዱን ነው። ጃፓናዊው የሥነ ልቦና ምሁር አኪዮሺ ኪታኦካ በፈረንጆቹ 2003 የሠራው ነው። ምሥጢሩ የቀለሞቹ ተራ ላይ ነው፦ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ከዚያ እንደገና ጥቁር። አንዱ ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ ጎልቶ የሚለየው ቀለም ከደብዛዛው ቀድሞ አንጎል ይደርሳል። አንጎል ይህችን የጊዜ ልዩነት «ተንቀሳቀሰ» ብሎ ይወስዳታል። መዞሩ ብቻውን የዓይን ሕመም ምልክት አይደለም ማለት ነው።

2. መነጽር ቤት ከሄድሽም ስልክሽን አታሳዪ። እኔ አሳየሁ። ልጁ ገና ሳይመረምረኝ «አስቲግማቲዝም ነው» አለ፣ የዓይን የፊት ሽፋን እኩል ባለመጎበጡ የሚመጣ ብዥታ ማለቱ ነው። «እስቲ አንተም እየው፣ አይዞርብህም?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ባለሙያው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» ብሎ አፈጠጠብኝ። አጠገቤ ወረፋ የሚጠብቁ እናት አንገታቸውን አስግገው አዩና «ኧረ ለእኔም ይዞራል!» አሉ። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «እርስዎም ያስፈልግዎታል!» ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ተጨቃጨቅን። ለነገሩ ቀብዱን አስቀድሞ ተቀብሎኛል፣ የወር አስቤዛዬን የሚያክል ብር ሄደ። መነጽሩን አድርጌ ሳየው ክቦቹ እንደ ጉድ ይዞራሉ፣ ያውም ጠርተው!

3. ባለቤትሽን ማሳመን ከፈለግሽ ዝናብ ሲጥል አዌቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ውሰጂው። ውሃው ላይ አንድ ቦታ መርጦ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትኩር ይበል፣ ከዚያ ዳር ያለውን ድንጋይ ይይ። ድንጋዩ ወደ ላይ፣ ውሃው ወደመጣበት የሚሄድ ይመስለዋል። ሮበርት አዳምስ የተባለ ሰው ስኮትላንድ ውስጥ ፏፏቴ አይቶ ይህንኑ በፈረንጆቹ 1834 ጽፎታል። ተማሪዎቼን ወስጄ አሳይቻለሁ፣ እስካሁን ያወሩታል። ይህኛው ግን ከስልክሽ ስዕል የተለየ ነው፤ እዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ሲያዩ የቆዩ የአንጎል ሴሎች ይደክማሉ፣ ተቃራኒዎቹ ያይላሉ።

4. ስዕል ሳታዪም ግድግዳው፣ ቤቱ የሚዞርብሽ ከሆነ፣ ነገር ሁለት ሁለት ከታየሽ፣ ወይም ብልጭታ ካየሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ መነጽር ቤት ሳይሆን ሐኪም ጋ ቶሎ ሂጂ።

ባለቤትሽ «አይዞርም» ቢልም አትጣዪው። እነዚህ ስዕሎች ጭራሽ የማይንቀሳቀሱላቸው ሰዎች አሉ።