የጎረቤት ጎል፣ የሰላይ ስልክና ሌሎች ጥያቄዎች

የሐዋሳ አንባቢዎች ሰሞኑን ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ። ስለ ቤት ኪራይና ስለ አማቶቻችሁ የጻፋችሁ ታገሡኝ፤ እነዚያ የሽማግሌ እንጂ የአምደኛ ሥራ አይደሉም።

ጨዋታ የማየው በስልኬ፣ በኢንተርኔት ነው። አጥቂው ገና ኳሷን ሳይነካት ጎረቤቴ «ጎል!» ብሎ ግድግዳውን ይደበድባል። የተበላሸው ስልኬ ነው ወይስ ኔትወርኩ? (ከአቶቴ)

ሁለቱም ደህና ናቸው። ጎረቤትህ በዲሽ ያያል፣ አንተ በኢንተርኔት። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝም፣ ምልክቱ ወጥቶ ለመመለስ የሚፈጅበት የሰከንድ ሩብ ያህል ብቻ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ምስል ግን ጥቂት ሰከንዶች በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ ይላካል። ስልክህ መሐል ላይ እንዳይቆምብህ መጀመሪያ ጥቂቶቹን ያጠራቅማል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማሳየት የሚጀምረው። ስለዚህ ግማሽ ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረት የተለመደ ነው። ስልክ ተደውሎልህ ጨዋታውን ካቆምከው ደግሞ ያቆምክበት ጊዜም ይጨመርብሃል፤ «ቀጥታ» የሚለውን ምልክት ካልነካህ በስተቀር አታካክሰውም። የምስሉን ጥራት ዝቅ ብታደርግ መቆራረጡ ይቀንስልህ ይሆናል እንጂ ጎረቤትህን አትቀድመውም።

ከቴክኒኩ ይልቅ የገረመኝ ግድግዳው ነው። ብቻውን ሆኖ ግድግዳ የሚደበድብ ደጋፊ አብሮት የሚጮኽ ያጣ ሰው ነው። ለስላሳ ይዘህ በሩን አንኳኳ። የተቃራኒ ቡድን ደጋፊ ከሆነም ሂድ፤ ቪኤአር (ዳኛው ጎሉን በቪዲዮ የሚያጣራበት አሠራር) ከመጣ ወዲህ ጎሉ ሲገባ እሱ ይጨፍራል፣ ሲሻር አንተ ትጨፍራለህ፤ ማንም ባዶውን አይመለስም።

ለዩቲዩብ የቀዳሁትን ድምፄን ስሰማ አፈርኩ። እውነት እንዲህ ነው የምናገረው? (ከታቦር)

አዎ፣ እህቴ። ስንናገር የራሳችን ድምፅ በሁለት መንገድ ይደርሰናል፤ አንዱ በአየር፣ ሌላው በራስ ቅላችን አጥንት በኩል። አጥንቱ ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ስለሚያሳልፍ ለራሳችን ጎርነን ብለን እንሰማለን። ቀረጻው ውስጥ ያ የአጥንቱ ድርሻ የለም። እኛ ግን የምናውቅሽ በቀጭኑ ድምፅሽ ነው፤ እስካሁን የደነገጠ ሰው አላየሁም። ደጋግመሽ ካዳመጥሽው ትለምጂዋለሽ። ይልቅ መግቢያሽን አሳጥሪው። ሰው ትቶ የሚወጣው በድምፅሽ ምክንያት ሳይሆን፣ ጉዳዩ ሳይነገረው ላይክና ሼር ስለሚለመን ነው።

ከባለቤቴ ጋር ስለ ፍሪጅ ተነጋገርን፤ ማታ የፍሪጅ ማስታወቂያ መጣልኝ። ስልካችን ያዳምጠናል? (አንድ መምህር)

የአሜሪካው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትሸው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን ይፋ አድርገው ነበር። በድብቅ ማይክሮፎን ከፍቶ ንግግር የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነው፤ አንዳንዶቹ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን እየቀዱ ለሌላ ድርጅት ይልኩ ነበር።

ደግሞስ ጆሯችንን ምን ያደርጉለታል? የት እንደዋልን፣ ምን እንደፈለግን፣ የትኛው ቪዲዮ ላይ ቆም እንዳልን እኛው በጣታችን ነግረናቸዋል። ባለቤትዎ ቀን የፍሪጅ ዋጋ ሲያፈላልጉ ውለው ይሆናል፤ አንድ ዋይፋይ የምትጠቀሙ ከሆነ ማስታወቂያው ለእርስዎም ሊደርስ ይችላል። በዚያው ቀን ያለፉዎትን የጫማና የሶፋ ማስታወቂያዎች ግን አያስታውሷቸውም። ሰው የገጠመለትን ይቆጥራል፣ ያልገጠመውን ይረሳል፤ ጠንቋይም እንጀራ የሚበላው በዚሁ ነው። ለማንኛውም ወደ ስልክዎ ቅንብር ይግቡና ማይክሮፎንና አድራሻ የተፈቀደላቸውን መተግበሪያዎች ይመልከቱ። የእጅ ባትሪ መተግበሪያ ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል?

ፍሪጁን ግን ይግዙላቸው።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ሁሉም ስልኩን ደግኖ ነው የሚቆመው። ሐይቁን የሚያየው ማን ነው? (ስሜ ይቆይ)

አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቆቹ አሞሮች፣ እንዳልልህ እነሱም አያዩትም። አሞራ ገደል ሄደህ ታዘባቸው፤ ዓይናቸው ከዓሣ አጽጂው ልጅ እጅ ላይ አይነሳም። ቢላዋው የዓሣውን ሆድ ሲሰነጥቅ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ አንጀቱ ሳይወረወር ክንፋቸውን ይከፍታሉ። እንደነሱ ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ባገኘን!

በነገሩ ላይ ጥናት አለ። ሊንዳ ሄንከል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ሰዎችን ሙዚየም ውስጥ አስጎብኝተው ነበር። ጎብኚዎቹ ፎቶ ካነሷቸው ዕቃዎች ይልቅ እንዲሁ ያዩአቸውን በተሻለ አስታወሱ፤ ካሜራው ያስታውስልኛል ብሎ አእምሮ ይዘናጋል። አንዷን ክፍል አቅርበው ያነሱት ግን አልተጎዱም። እንግዲህ ሐይቁን ሙሉ ለማንሳት አትታገል። የአንዷን ጀልባ አፍንጫ አንሳና ስልክህን ኪስህ ክተት።

በቴሌግራም መልእክቴን አንብቦ ዝም ይላል። ሁለቱ ምልክቶች ይታዩኛል። ንቆኝ ነው?

ምልክቶቹ መልእክቱ መከፈቱን እንጂ ልብን አያነቡም። አስቸኳይ ከሆነ ደውዪ። ደውለሽም ካላነሳ፣ ያኔ ተቀየሚ።

እናቴ የቱርክ ድራማ ስታይ ተዋናዩን ትሳደባለች፤ እንግዳ ሲኖር አፍራለሁ። ልከልክላት?

በምን አቅምሽ? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ሲጀምር፣ ባህላችን አለቀለት ብለን ስንት ተከራከርን። እናትሽ ግን ኢስታንቡል ያለውን ጎረምሳ እንደ ሰፈር ልጅ እየገሠጸችው ነው፤ ማን በማን ባህል እንደገባ አንቺው ፍረጂ።

መተው ያቃታት ተንኮል ስላለበት ነው። ክፍሉ የሚያልቀው በሩ ሲንኳኳ ወይም ደብዳቤው ሊከፈት ሲል ነው። ብሉማ ዛይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ሰዎች ከጨረሱት ይልቅ የተቋረጠባቸውን ሥራ አብልጠው እንደሚያስታውሱ ጽፋለች። የድራማ ጸሐፊዎችም በዚሁ ይነግዳሉ። ሪሞቱን ተዪላት። እንግዳው እራት እየጠበቀ ከሆነ ግን ወጡን አንቺ አሙቂው፤ እሷ ማስታወቂያ እስኪገባ አትነሳም።